በአባቴ ክንድ ልክ

ካናዳ ልሄድ ከአገራችን ከአዘና የወጣሁ ዕለት አባቴ ሚኒባሱ በር ላይ ቆመው አንዲት የቀርከሃ ዘንግ አስያዙኝ። ከክርናቸው እስከ መሀል ጣታቸው ጫፍ ለክተው የቆረጧት ናት። «ክንድሽ አጭር ነው፤ ሰው አገር ቢቸግርሽ በኔ ለኪ» አሉኝና በአገውኛ መረቁኝ። አባቴ ቀርከሃ ሠሪ ናቸው፤ አልጋውንም አጥሩንም በክንዳቸው ነው የሚለኩ። እኔን ግን አንድ ቀን ቢላዋ አስነክተውኝ አያውቁም። «ሴት ልጅ ቀርከሃ ትሰነጥቃለች እንዴ?» ይሉ ነበር፤ ተደብቄ እያየሁ አደግሁ።

ካናዳ ስደርስ የኤርፖርቱ ፈታሽ ዘንጓን ከሻንጣዬ መዘዛት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የአባቴ መለኪያ።»

«ስንት ሴንቲሜትር?»

«አንድ ክንድ።»

«ተክል ማስገባት ክልክል ነው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ደረቅ ነው! ከሞተ ቆይቷል!»

«ማን? አባትሽ?»

«አባቴንማ ክፉ አይንካቸው! ቀርከሃው!»

ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወራት። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

እናንተ አገር ቤት ቆሰበር ከተማ በረደን የምትሉ፣ ወይ አለማወቅ! የኛ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ ግን ፀሐይዋን ራሷን ያበርዳታል። ሁለት ክረምት ሆቴል ውስጥ ሳህን ሳጥብ እጄ ተሰነጣጠቀ። በቃኝ ብዬ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አናጢነት ተመዘገብሁ። እዚያ ደብተሩ ጥቂት ነው፤ መጀመሪያ ቀን እንጨት አሸክመው ሥሪ ነው የሚሉሽ።

መምህራችን ጆርጅ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ለግድግዳ የሚሆን አንድ ቋሚ አሳይተውን እንደዚህ ቁረጡ አሉ። ሁሉም ሜትሩን ሲመዝ እኔ ክንዴን ዘረጋሁ። አባቱ ሲለኩ እያየ ያደገ ሰው ምን ይደረግ! የመጀመሪያው በሁለት ጣት አነሰ፤ የቀሩትን በሱ ልክ ቆረጥኋቸው።

«ሜትርሽ የታለ?» አሉኝ።

«ክንዴ አለ። እርስ በርሳቸው እኮ እኩል ናቸው!»

«እነሱ ተስማምተዋል፤ ከጣሪያው ጋር ግን ተጣልተዋል» አሉና ቀጠሉ። «በፈተናው ይህን ከደገምሽ ትወድቂያለሽ።»

ብወድቅ የሚጠብቀኝ ያው ሳህን ነው። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመለስም አልሁ! ከዚያ ወዲህ ያልለካሁት ነገር የለም፤ አልጋዬን፣ በሩን፣ የአውቶቡሱን መስኮት ሳይቀር። ሰው እብድ ናት ቢለኝም ግድ አልነበረኝም።

ለፈተና መስኮት ያለው ግድግዳ አቆምሁ። ጆርጅ ውሃ ልኩን አጋድመው አዩት፣ ጎንበስ ብለው ደግመው አዩት። ከዚያ ወረቀቴ ላይ ፈረሙ። ቤት የሚሠራ ድርጅትም ከሰኞ ጀምሮ እንድሠራ ቀጠረኝ።

ያን ዕለት ደወልሁ። «አባባ፣ አናጢ ሆንሁ!»

«ዘንጌ ጠቀመችሽ?» አሉ።

እስከዚያ ቀን አልነገርኋቸውም ነበር። «ኤርፖርት ጣሏት፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ። ክንድዎን በሜትር ያስለኩና ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ ሌላ እቆርጣለሁ።»

«በስልክ ክንድ አይላክም» አሉ። «ቢላዋዬን ስዬ አስቀምጬልሻለሁ፤ ስከለክልሽ እኔ ነበርሁ ያጠፋሁ። ክንዴን ግን መጥተሽ ራስሽ ለኪው። ሳያጥር ድረሽ።»

ሜትሩ ወገቤ ላይ ነበር። መቼ እንደምመጣ አልነገርኋቸውም፤ አላውቀውማ።