ከጭራሮው መሃል የነበረው ጥድ

ዙሪክ ውስጥ ሽዋመንዲንገን በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ፎቅ ጀርባ ጫካ አለ። ዝናብ ካባራ በኋላ አዲስ የተቆረጠ ግንድ መንገዱ ዳር ተከምሮ ሳገኝ፣ ጠረኑ አፍንጫዬ እንደገባ ወደ ኋላዬ ዞር እላለሁ። ውሻውን ከሚያናፍስ ሰው በቀር ማንም የለም። ልቤ ግን የደን ዘበኛ መጣ ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ አልለቀቀኝም።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብሆን ነው። ከእናቴ ጋር ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመን እንወርድ ነበር። የወደቀውን መልቀም ይፈቀዳል፤ የቆመ መንካት ክልክል ነው፤ ጥድማ ጭራሽ አይነሣም። ያን ቀን እናቴ ራቅ ብላ ስትለቅም፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል ለጋ ጥድ ቆርጬ ገና ካልታሰረው ሸክሟ መሃል ሸጎጥሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጠረኑ ደስ ብሎኝ ይሆናል። ወይም ቤት ስትፈታው ደህና እንጨት አግኝታ ደስ ይላት መስሎኝ።

ስንወርድ የደኑ ኬላ ላይ ዘበኛው ከሌሎች እንጨት ለቃሚ ሴቶች ጋር አስቆመን። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ባለመነጽር ሰውዬ ስለ ደን ሊያስተምረን ነው ተባለ። ሸክማችንን አውርደን ላዩ ላይ ተቀመጥን። «ዛፉ ካለቀ ምንጩ ይደርቃል፤ አፈሩም ታጥቦ ይሄዳል» ይላል፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«ጌታዬ፣ ዛፉ እስኪያድግ ድስቱን ምን ላይ እንጣደው?» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ፀሐይ ሲመታው የጥዱ ጠረን ከእናቴ ሥር ሽቅብ ይወጣ ነበር። ዘበኛው በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ትንፋሼን እውጣለሁ፤ እኔ ባልተነፍስ ጠረኑ የሚቆም ይመስል። በሦስተኛው ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ ተነሺ።»

ሸክሙን ፈታው። እናቴ ጥዱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለች።

ባለመነጽሩ ጥዱን አስይዞ ከሰው ሁሉ ፊት አቆማት። «ደናችንን የሚጨርሰው እንዲህ ያለው ሰው ነው» እያለ ትምህርቱን ቀጠለ። አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ አልወጣኝም። ወደ ቤት ስንሄድ ምንጩ ጋ ቆም ብላ «ነይ ውሃ ጠጪ፣ ከንፈርሽ ደርቋል» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ጥዱን አላነሣችብኝም። እኔም አላነሣሁም።

ልጄ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። በቀደም በረዶው እንደቀለጠ በሰፈሯ አዳራሽ ሰዎች ስለ ደን ጥቅም ሊነጋገሩ ሲሰበሰቡ፣ «እማዬ፣ አንቺም የምታውቂውን ተናገሪ፤ እኔ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሰዋለሁ» አለችኝ። ከዙሪክ እስከዚያ ድረስ ባቡር ውስጥ የነጠላዬን ጫፍ ስጠቀልልና ስፈታ ሄድሁ። ዛሬ እናገረዋለሁ ብዬ ነበር።

ተናገርሁም። የዚያ ሰውዬ ቃል እውነት ነበር፤ ዛፉ ሲመናመን ምንጩም ደረቀ አልሁ። «ያን ጥድ የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። እናቴ ምንም አላጠፋችም» ስል ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በፈረንሳይኛ ተናገረች፤ ሰዉም አጨበጨበ። ደረቴ ቅልል አለኝ።

ስንወጣ አንዲት ሽበታም ሴት እጄን ይዛ ብዙ አወራችኝ።

«ምን አለች?» አልኳት ልጄን።

«በእናትሽ አትፍረጂ፤ ችግር ነው ያስቆረጣት ነው የምትልሽ።»

እግሬ ቆመ። «የነገርኩሽን አልነገርሻቸውም?»

ጎንበስ ብላ የካፖርቴን ቁልፍ ትቆልፍልኝ ጀመር። «ሰው ሁሉ አንቺን ያይ ነበር እኮ» አለች። «እንዴት አድርጌ ልበለው፣ እማዬ? አያቴ ናት የቆረጠችው አልኳቸው፤ እሷ ትችለዋለች።»

ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣ ነበር። እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ። ልቆጣት ፈልጌ አቃተኝ። እናቴን ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ፊት አቁሜያት ወደ ዙሪክ ተመለስሁ።