ጓሮዬ የበቀለው ቀይ እሸት

እሑድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ቤታችን የወጣሁት አንድ ተክል በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው። ክረምት ላይ ከአጥራችን ሥር ብቅ ያለ ነው። ግንዱ እንደ እባብ ቆዳ ዝንጉርጉር፣ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ነው። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ የበቆሎ እሸት የመሰለ ቀይ ፍሬ አወጣ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሒሩት ትናንት አንዷን ፍሬ ነክሳ፣ "እማዬ፣ አፌን መርፌ ወጋኝ!" እያለች ስታለቅስ ዋለች። አድሮ ተሻላት። ግን የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በዚያ አጥር ይሾልካሉ።

ባለቤቴ ታደሰ "ነቅለን እንገላገል" ቢለኝም፣ ምንነቱን ሳላውቅ መጣሉ አልዋጥልኝ አለ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ጓሮዬ የበቀለውን አለማወቄም አሳፍሮኛል።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሽቅብ

መንገዱ ላይ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ አስቆመኝ።

"ጓድ፣ የያዝሽው ምንድን ነው?"

"እሱን ልጠይቅ ነው የምሄደው" አልኩት።

ጋዜጣውን ገለጥ አደረገና እጁን ሰበሰበ። "በይ እለፊ፣ እባብ መስሎኝ ነበር።"

ከዚያ በላይ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። የረገፈው ቅጠል ያንሸራትታል። እንጦጦ ጫፍ ስደርስ የገብስ ማሳቸውን የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘሁ። አቶ በዳዳ ይባላሉ። ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና ተክሉን አገላብጠው አዩት።

"እኔ አላውቀውም። ጎረቤቴ ደብሬ ግን የላስታ ሰው ናት፣ በድርቁ ጊዜ የመጣች። እሷን ጠይቂ።"

አራት ሰዓት፣ እትዬ ደብሬ ደጅ

እትዬ ደብሬ ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር። ጋዜጣውን ስፈታ እጃቸው ቆመ።

"አሞጭ! ሰው በላው እንዴ?"

"ልጄ አንድ ፍሬ ነክሳ ተፋችው።"

"እንኳን ተፋችው። አፍና ጉሮሮ ያሳብጣል።"

"እርስዎ እንዴት አወቁት?"

ባቄላውን ገፋ አደረጉት። "በልተነው ነዋ፣ እታለም። እህል ሲጠፋ ሥሩን ቆፍረን፣ ቀኑን ሙሉ ቀቅለን፣ ውሃውን እየደፋን። ትንሿ ልጄ መጠበቅ አቅቷት ጥሬውን ነከሰች። ሦስት ቀን ውሃ አልወርድላት አለ።"

ለመጠየቅ ፈራሁ። "ከዚያስ?"

"ተረፈች። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች" አሉና ፈገግ አሉ። "ያንቺን ንቀዪው፣ ልጆች አሉሽ። በባዶ እጅሽ ግን እንዳትነኪው። ሥሩን ሰው የማይደርስበት ቅበሪው፤ አትጣዪው።"

"ለምን?"

"ክፉ ቀን አይታወቅማ።"

ስምንት ሰዓት፣ ቤት

እጃችንን በጨርቅ ጠቅልለን ከታደሰ ጋር ቆፈርነው። ቡጢ የሚያህል ሥር ወጣ። ከቤታችን በታች ካለው ገደል ማዶ ወስደን ቀበርነው።

ስለ ድርቁ በሬዲዮ ስንት ሰምቻለሁ፣ ስብሰባም ተቀምጬ አውርቻለሁ። ሰዉ ምን በልቶ እንደተረፈ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። 

ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ

ሰሌዳው ላይ "አሞጭ" ብዬ ጻፍኩና የሰማሁትን ተረክሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ እሱን... እኛም በልተነዋል" አለች።

አምናም ያስተማርኳት ልጅ ናት። ጠመኔውን ሰጠኋትና እሷ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።