ደብዳቤ ባለቤቱን ይከተላል

ማተሚያ ቤት ያሉት ሰዎች «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። እዚያ ከረገጠች ቆይታለች። እናቷ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ ከተኛች ወዲህ ሥራዋን የምትሠራው ቤቷ ሆና ነው። ማተሚያ ቤቱ ያልታረመ ገጽ በኢሜይል ይልክላታል፤ እሷም አርማ ትመልሳለች፤ መጽሐፉ ሲያልቅ ቅጂው መልሶ በኢሜይል ይደርሳታል። የተደገመ ቃል፣ ቦታውን የሳተ ነጥብ፣ ከየት እንደ ገባ የማይታወቅ መስመር ካየች እጇ አያርፍም። ብዙ ጊዜ ልቧ የሚደርሰው እጇ ከሰረዘ በኋላ ነው። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የአንቺ እጅ ከዓይንሽ ይቀድማል» ይላት ነበር።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ መተላለፊያ። የእናቷ አልጋ በውስጠኛው ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ስልኩና ኮምፒውተሩ መተላለፊያው ላይ ናቸው፤ መስመሩ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ከዚያ አይነቃነቁም። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እናቷን አታያትም፣ ትሰማታለች እንጂ። አልጋው ዘንድ ስትሄድ ደግሞ ስልኩ ከእጇ ይርቃል። ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፤ ዓለሟ ይኸው ነው። ደረጃውን የምትወርደው እየሮጠች ነው፣ የምትወጣውም እየሮጠች። ሰው ሲጠይቃት ግን «ተመስገን፣ እናቴ አለችልኝ» ትላለች፤ ደግሞም ከልቧ ነው።

ሕመሙ ለእናቷ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የተወላት። ከእነዚያ ውስጥ አብዝታ የምትናገረው አንዱን ነው።

«መጣ?»

የምትጠይቀው ስለ ትንሹ ነው። ትንሹ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ቁመቱ ጣራ ቢነካም ትንሹ እንደተባለ ቀረ። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው ነበር። አንዴ ያየው አድራሻ ከራሱ አይወጣም። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ስሙን ይረሳና «እንዴት ነህ፣ የማዕዘኑ ቤት» ብሎ ሰላም ይላል። ሰው ቤት ሲለውጥ ደብዳቤው አዲሱ ቤቱ ድረስ እንዲሄድለት ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የሚወደው ሥራው ነበር። «ቤት ይለወጣል፤ ደብዳቤ ግን ባለቤቱን ይከተላል» ይል ነበር፣ ጸሎት የሚደግም ይመስል።

ይህ ሰው ልጁን ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ እዚያው ፖስታ ቤት አስቀጠረው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ግን ጣራ ሥር መዋል አልቻለም። መርከብ ላይ ሥራ አገኘና ልሄድ ነው አለ። አባትየው፣ «ከዚህ በር ከወጣህ ስምህ በዚህ ቤት አይነሳም» አለው። ልጁ ወጣ። ሲወጣ የኢሜይል አድራሻውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነበር። አባትየው አንስቶ አየው፣ ቀዳደደው፣ መስኮቱን ከፍቶ በተነው። እህቱ እየሮጠች ብትወርድም ነፋስ ቀድሟት ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደዚህ ቤት ተዛወሩ፤ የስልክ ቁጥሩም ተለወጠ። አባትየው አረፈ፣ እናትየው ተኛች። ሳይለወጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባትየው የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ጊዜ ድርጅቱ የሰጠው የቤቱ ኢሜይል። ትንሹ ያውቀዋል። አንድ ቀን ልቡ ቢመለስ የሚጽፈው በዚያ ነው።

እንግዲህ ድርጅቱ የኢሜይል አገልግሎቱን ሊዘጋ ነው የሚለው ማስታወቂያ ሲደርሳት የደነገጠችው ለዚህ ነው። ማስታወቂያው እንዳለው ከመዘጋቱ በፊት ማስተላለፊያ ያበጀ ሰው በአሮጌው አድራሻ የሚጻፍለት ሁሉ በራሱ ወደ አዲሱ ይሄድለታል። ያላበጀ ግን የሚጻፍለት ሁሉ «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» ተብሎ ወደ ላኪው ይመለሳል። ለማተሚያ ቤቱ አዲሱን አድራሻ መንገር ቀላል ነው። ለትንሹስ ማን ይነግረዋል? ጽፎ «የለም» ቢባል ቤቱም ሰዉም የጠፋ ይመስለዋል።

ብቻዋን ብትሞክረው አልሆነላትም፤ ደወለች። ስልኩ ሙዚቃ ያሰማታል፣ ቁጥር ተጫኚ ይላታል፣ ደግሞ ሙዚቃ። ተራዋ ሊደርስ ሲል ከውስጥ «መጣ?» ትላለች እናቷ፤ ወይ ውሃ ትፈልጋለች፣ ወይ ጎኗን ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሄዳ ስትመለስ መስመሩ ተቋርጧል። እንደገና ሙዚቃ። የዘፈኑን መጨረሻ ሳትሰማው ሙሉ ሳምንት አለፈ፤ መጀመሪያውን ግን ድስት ስታጥብም ታንጎራጉረው ጀመር።

ምድር ቤት ፀጉር የምትሠራው ጎረቤቷ ነገሩን ሰምታ ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች።

«እማማን እኔ ልያዝ፣ አንቺ ስልኩን ያዢ። ይህን ያህል ባል ብትጠብቂ ኖሮ እስካሁን አግብተሽ ነበር።»

«ባልም ቢሆን ሙዚቃ ነው የሚያሰማኝ።»

«ደህና ሙዚቃ ከሆነ ምን አለበት» ብላ ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

በመጨረሻ አንድ ወጣት አነሳ።

«ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?»

«እናትህ እንኳ አልሆንም፣ እህትህ በለኝ። ማስተላለፊያ ላበጅ ነበር።»

«እሺ እህቴ። ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ። ከታች ማስተላለፊያ የሚል አለ። አዲሱን አድራሻ ይጻፉና ይጫኑት።»

ጻፈች፣ ተጫነች። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ።

«አልቀበልም አለኝ።»

«ቆይ… ሌላ አድራሻ ገብቶበታል። መስመሩ ከአንድ በላይ አይቀበልም። ይታይዎታል? አንድ ፊደልና ከዋክብት፤ ሌላው ለምስጢር ተሸፍኗል።»

ታያት። መነጽሯን አስተካክላ ቀረበች። አንድ ፊደል፣ ከዚያ የከዋክብት ሰልፍ፤ ከየት እንደ ገባ የማይታወቅ መስመር።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«እኔ አላስገባሁም። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም። ማለት ወደዚህ ቤት የሚመጣው ሁሉ ወደ ሌላ ሰውም ሲሄድ ኖሯል?»

«ቅጂው እርስዎ ጋ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ያላወቁት። የማያውቁት ሰው ከሆነ ያጥፉት። ግን እርግጠኛ…»

እጇ ቀደመ። አጠፋችው፣ በቦታው የራሷን ጻፈች፣ ተጫነች። ኮምፒውተሩ ተቀበለ።

«ሌባ ነበረብኝ ማለት ነው» አለች። «መቼ እንደ ገባ ይታይሃል?»

ወጣቱ ዓመቱንና ወሩን ነገራት።

ያ ወር ትንሹ የሄደበት ወር ነው። አባቷ ታያት፤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን አየ፣ ቀደደው። ሳይቀድደው በፊት ግን አይቶታል። ዕድሜውን ሙሉ አድራሻ ሲያይ የኖረ፣ አንዴ ያየውን የማይረሳ ሰው።

«እህቴ፣ አሉ?»

«መልሰው፣ የኔ ወንድም። ያጠፋሁትን መልሰው።»

«አንዴ ከጠፋ እኛም አናየውም። አድራሻውን የሚያውቁት ከሆነ እንደገና ማስገባት ይችላሉ።»

«አላውቀውም።»

«ይቅርታ እህቴ። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?»

ፀጉር ሠሪዋ ከውስጥ ብቅ አለች። «ምነው፣ አልሆነም?»

«ሆነ።»

«ታዲያ ምነው ፊትሽ?»

«ሆነልኝ፣ እህቴ» አለችና ስልኩን አስቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጠበባት። አዲሱ አድራሻዋ ላይ ሁሉም ይደርሳታል፤ የመብራቱ ክፍያ፣ መድኃኒት ቤቱ «ዛሬ እናመጣለን» የሚለው፣ ማተሚያ ቤቱ። በደረሳት ቁጥር አንዱ ነገር ይወጋታል፤ ይኼን ሁሉ ሲያነብ የኖረ ወንድም አለ፣ ዛሬ ግን አይደርሰውም። አልጻፈም እንጂ ርቆ አልነበረም። በሩን የዘጋችበት እሷ ናት፣ በገዛ እጇ። «መጣ?» ስትላት እናቷ፣ በፊት «ይመጣል እማዬ» ትል ነበር። አሁን ትራሱን ታስተካክላለች።

ለእናቷ አልነገረቻትም። ለማን ይነገራል? ደጅ ወጥታ እንዳታለቅስ ደጅ የላትም። መተላለፊያው ላይ ቆማ በሹክሹክታ ጸለየች። «ጌታዬ፣ እኔ የሰው ስህተት ሳርም ኖርኩ። ይህን ግን አንተ አርመው፤ የኔ እጅ አይደርስበትም።» ብላ ተወችው። መተው ቀላል አይደለም፤ በየሰዓቱ መልሳ ታነሳው፣ ደግሞ ትተወው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷን እያገላበጠች ሳለ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ግማሽ መንገድ ላይ ናት፤ ክብደቷ በሙሉ ልጅቱ ክንድ ላይ አርፏል፣ መልቀቅ አይቻልም። ፀጉር ሠሪዋ መስላት «ክፍት ነው፣ ግቢ» አለች ጮክ ብላ።

በሩ ተከፈተ። ከባድ እርምጃ መተላለፊያው ላይ ቆመ። ከዚያ አልጋው አይታይም። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እታለም… ደብዳቤው ቆመ። የመድኃኒት ቤቱም ሲቀር፣ የመብራቱም ሲቀር፣ ገባኝ። መቼ ነው ያረፈችው?»

ልጅቱ እናቷን አልለቀቀችም። ለመናገር አፏን ስትከፍት እናቷ ቀደመቻት።

«መጣ?»

ሰውየው በሩ ላይ ታየ። ከአናቱ እስከ እግሩ ጥቁር ለብሷል፤ ጢሙ ሸብቷል፣ ቁመቱ ያው ነው። እናትየው በደህናው ዓይኗ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከታመመች ወዲህ ሁለት ቃል አያይዛ አታውቅም ነበር።

«ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም፣ እማዬ» አለ ትንሹ፣ አልጋው አጠገብ እየተንበረከከ። «ማንም አልሞተም።»

ትንሽ ቆይቶ፣ እናትየው በደህናው እጇ እጅጌውን ጨምድዳ እንደያዘችው ነገራቸው። መርከብ ላይ ሳለ አንድ ቀን የመብራት ክፍያ ማስታወቂያ ደረሰው፤ የቤታቸው። በማግስቱ ሌላ መጣ። አባትየው አንድ ቃል አልጻፈለትም፤ የቤቱን ነገር ሁሉ ግን ይልክለት ነበር። አዲሱን ቤት ያወቀው መድኃኒት ቤቱ ፎቁንና የበሩን ቁጥር ስለሚጽፍ ነው። የአባቱን ሞት ማተሚያ ቤቱ ለእህቱ በላከላት የማጽናኛ ደብዳቤ ያነበበው ወደብ ላይ ነው፣ ከተቀበረ በኋላ።

«ታዲያ ለምን አልጻፍክልኝም?» አለችው እህቱ።

«አፈርኩ። ምን ብዬ ልጻፍ፣ እታለም? ደግሞ በየቀኑ እዚሁ የምውል ይመስለኝ ነበር። ያረምሽውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤዋለሁ። አንዱ ላይ አንድ ነጥብ አምልጦሻል።»

«አንተ ነህ ነጥብ የምታርምልኝ? አታፍርም?»

እናትየው እጅጌውን ሳትለቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትንሹ መነሳት ፈለገና አልቻለም።

«እንግዲህ አንተም ተያዝክ» አለች እህቱ። ነጠላዋን አነሳች። «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ከላይ የሚጠራት እንዳለ ለማዳመጥ ቆም አለች፤ ልማድ ነው። አልተጠራችም። የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ ሳትሮጥ፣ ቀስ እያለች ወረደች።