የረቡዕ ማካሮኒ

ወንድ ሆኖ ማድቤት ገባ ብለው የሚስቁብኝ ዛሬም አሉ። ይሳቁ። እኔ ማድቤት መግባት ብቻ አይደለም፣ ሽርጥ ታጥቄ በቀበሌ አዳራሽ ቆሜ ለላስታ ሴቶች የምግብ አሠራር አሳይቻለሁ። ያውም ሽንኩርት በወጉ መክተፍ የማልችለው ሰውዬ።

ከአብዮቱ በፊት ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሳህን አጥብ ነበር። ፈረንጁ ሲጠፋ ሆቴሉ ጭር አለ፤ እኔም ከሳህኖቹ ጋር ተደርድሬ ቀረሁ። ኋላ የቀበሌያችን ካድሬ «ዘመናዊ የምግብ አዘገጃጀት» ለሴቶች እንዲያሳይ ከበላይ ሲታዘዝ፣ ቆርቆሮ መክፈት የሚያውቅ ሰው አፈላልጎ እኔን አገኘ። ሙያዬ ይኸው ነበር። ሳልሳ እከፍታለሁ፣ ማካሮኒ እቀቅላለሁ፣ የዱቄት ወተት እበጠብጣለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር የሚጠይቀኝ ካለ የራሱ ጥፋት ነው።

ሴቶቹ መጀመሪያ የመጡት ሊስቁ ነው። አንዷ ከቆርቆሮው ጋር ስታገል አይታ፣ ይኼማ የቀጥቃጭ ሥራ እንጂ የወጥ ሥራ አይደለም አለች። እኔ ግን በቆርቆሮ ጉዳይ የሚረታኝ ሰው አልተወለደም። ቲማቲም በዓይን በማይታይበት ደጋ ቲማቲሙ ራሱ ታሽጎ ከመጣ ምን ክፋት አለው? እናንተስ በሶ ስትበጠብጡ፣ ድርቆሽ ስትፈተፍቱ ሌላ ምን አደረጋችሁ? አምና የተሠራውን ዘንድሮ በውሃ አራሳችሁ። የእናንተ ከስልቻ ይወጣል፣ የእኔ ከቆርቆሮ። እንዲህ እያልሁ ስከራከር ምራቄ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ የሚጠነቀቁልኝ እነሱው ነበሩ።

የሴቶቹ ማኅበር ሊቀ መንበር የአንድ ቄስ ባለቤት ነበሩ። ከባላቸው ጋር በቁርባን የተጋቡ፣ ጊዜውን ጠብቀው የሚቆርቡ፣ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። ወንድ የሠራውን ማን ይቀምሳል ተብሎ ሁሉም ሲሸሽ፣ እንዳላፍር ብለው መጀመሪያ ማንኪያ የሚያነሱልኝ እሳቸው ነበሩ።

ያን ረቡዕ ካድሬው ቀጠሮውን ለጠዋት አደረገው። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አንቀምስም ብለው አንዲት ሴት ዝር አላለችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ መጡ። የቄሱ ባለቤት ድስቱን ጎንበስ ብለው አይተው፣ የጾም ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ዘይትና ሳልሳ ብቻ ነው አልሁ።

ስናገረው እውነት ነበር። የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ግን የሳልሳው ኮምጣጣነት እንዲበርድ ሁልጊዜ ሁለት ማንኪያ የዱቄት ወተት ይነሰንስበት ነበር፤ እኔም ከእሱ ለምጄዋለሁ። እኔ ወሬ ሳሳምር እጄ እንደ ልማዷ ነሰነሰች። ጾሙን የሚያውቀው ጭንቅላቴ ነው፤ እጄ ያደገችው ሆቴል ነው።

ጣቴ ላይ ነጩን ዱቄት ያየሁት እሳቸው ሁለት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ ነው። ካድሬውም ጎኔ ቆሞ ኖሮ አይቷል። ፊቱ እንደ ሠርገኛ በራ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋና፣

«ዝም በል፤ ትጨርስ» አለኝ።

እንደ ጨረሱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ የቄስ ሚስት ጾም ሽራ ሰማይ አልተደፋም ብሎ ሊያውጅ እንደሆነ ገባኝ። ማንኪያውን ከእጃቸው ቀማኋቸው።

«እናቴ፣ ወተት አለበት። የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አላወቁም።»

አፋቸው ውስጥ የቀረውን ተፉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ልቆርብ እኮ አሥር ቀን ነው የቀረኝ» አሉ። ምግብ አይደፋምና ማካሮኒው ጾም ላልደረሰባቸው ሕፃናት ተሰጠ። የእኔን ሙያ ያለ ሐሜት የበሉልኝ እነሱ ብቻ ናቸው።

በማግሥቱ ካድሬው ቢሮው ጠርቶ ወረቀት ዘረጋልኝ። ሴትዮዋ ጎጂ ባህልን ለመተው ፈልገው፣ ወተት እንዳለበት እያወቁ በሉ ይላል። እኔ ምስክር ሆኜ ልፈርም፣ ከዚያ በስብሰባ ሊነበብ። ይህ ከተነበበ ቁርባኑ እንደሚቀርባቸው፣ የባላቸውም ክህነት መነጋገሪያ እንደሚሆን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ፈርም።»

«አላወቁም አልሁህ፣ ጓድ።»

«ፊደል ትቆጥር የለም እንዴ?»

«እቆጥራለሁ። ስለምቆጥር ነው የማልፈርመው።»

አፌ እንዲህ ሲል እጄ ብዕሩን አንሥታ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁት። ለሰው ስነግር ብዕሩን እተወዋለሁ።

ከዚያ ከሴትዮዋ ጋር ነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄድን። አባ የሚኖሩት ተራራው ላይ ካለው ገዳም፣ አሸተን ማርያም ነው፤ ዳገቱ ራሱ ግማሽ ንስሐ ይሆናል። ሴትዮዋ ሳይደክማቸው ወጡ፤ እኔ በየድንጋዩ እየተቀመጥሁ መልክዓ ምድሩን የማደንቅ መሰልሁ። ወተቱንም ወረቀቱንም አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ። አባ፣ ባለማወቅ የሆነ ነውና ሰባት ቀን ሰግደው ይቁረቡ አሉ። ለእኔ እጥፍ አድርገው ሰጡኝ። ቀጥለው ግን፣ አውቃ በላች የሚል ወረቀት ተፈርሞ በአደባባይ ከተነበበ እኔም የማደርገው የለኝም አሉ። ሴትዮዋ ቁልቁል ስንወርድ አደራ እንኳ አላሉኝም፤ ከስድብ የባሰው ይኼ ነበር።

ካድሬው ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠራኝ። አንዴ ወደ ሰፈራ እልክሃለሁ አለ፤ አንዴ ሻይ አዘዘልኝ። ከዛቻው ይልቅ ያስፈራኝ ሻዩ ነው። ጠጥቼው ሳልፈርም ወጣሁ። በመጨረሻ ከሥራ አሰናበተኝና ሽርጡን መልስ አለኝ። እንደ ሰነፍ ተማሪ ቆሜ ፈታሁለት።

የቁርባኑ ቀን ደረሰ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን መተላለፊያ ጥግ ቆሜ ጠበቅሁ። የቄሱ ባለቤት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከቆራቢዎቹ ጋር ወጡ። የቆረበ ሰው አያወራምና ዝም ብለው አጠገቤ ደረሱ፤ ቆም አሉ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከነጠላው ሥር ሲስቁ ትከሻቸው አሳበቀባቸው።

በሳምንቱ ግቢያቸው አስጠሩኝ። ሴቶቹ ሁሉ አሉ። ካድሬ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ መፈክር የለም። ከቀበሌ ሱቅ አንድ ሳልሳ ገዝተው ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋል።

«በል እንግዲህ» አሉኝ የቄሱ ባለቤት፣ «አሳየን፤ የሚፈርም የለም።»