አባቴ ያላዩት ድንኳን

ከማርቆስ ቁይ ድረስ የሄድኩት አባቴን ይዤ ለመመለስ ነበር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ግራው ጭራሽ አያይም፤ ቀኙ ሰውን ከዛፍ ለመለየት ያህል ቀርቶላቸዋል። ሞራ በነፃ የሚገፍፍ የሐኪሞች ቡድን ማርቆስ መግባቱን ስሰማ ስንት ደጅ ጠንቼ ለመጨረሻው ቀን ስማቸውን አስያዝኩ። ከቀትር በፊት መድረስ ብቻ ነበር የሚጠበቅብን። ብቻ!

ቁይ፣ ማለዳ

አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው መናኸሪያው ቀድመውኝ ተገኙ። በልጅነታቸው ድቁና ተምረዋል፤ ዳዊት ሳይደግሙ ወደ እርሻ ወጥተው አያውቁም። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ በቃላቸው ስለሚደግሙት እየተምታታባቸው ይናደዳሉ።

“ሞራው ሲገፈፍልኝ መጀመሪያ የማየው ይኸንን ነው” አሉኝ ማኅደሩን መታ መታ አድርገው።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ሲሞላ ደግሞ አባቴ ከኋላ ወንበር ጀምረው የተሳፋሪውን ሁሉ ቤተሰብ፣ ከብትና አዝመራ ደኅንነት ጠየቁ። በቀኝ በኩል መስኮቱ ጋ እንዲቀመጡ የለመንኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አምበር

ጤፉ ደርሶ ማሳው ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል። አምበር ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አባቴ ወደ መስኮቱ ሰገግ አሉ።

“ልጄ፣ ያ የሚነጣው ድንኳን ነው?”

“ነው” አልኩ፤ አፌን በቆረጠው።

“የሰርግ ነው የለቅሶ?”

“የለቅሶ ይመስላል። ግን አባዬ…”

“ወራጅ አለ!”

ሾፌሩ ቀጥ አደረገው። የአገራችን ሰው ሁሉ ለቅሶ ይደርሳል፤ ለዘመዱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለወዳጁ። አባቴ ግን የማንም ይሁን የለቅሶ ድንኳን ካዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። ልጅ ሆኜ ስንት ቀን አብሬያቸው ወጥቼ ቁይ ገበያ የደረስነው ሰው ከተበተነ በኋላ ነው!

“ያውቋቸዋል?” አልኳቸው።

“ወርጄ እጠይቃለሁ።”

“አባዬ፣ ይረፍድብናል! እንዳላዩ ቢያልፉ ማን ያውቅብዎታል?”

“አይቻለሁ እኮ” አሉና ወረዱ። ሾፌሩም አልጠበቀንም፤ አልፈርድበትም።

ድንኳኑ ባዶ ነበር ማለት ይቀላል። ሁለት ሽማግሌዎችና ባሏ የሞተባት ሴት ብቻ ተቀምጠዋል። ባልና ሚስቱ ከሩቅ አገር መጥተው በቅርቡ የሰፈሩ ናቸው፤ ወገን የላቸውም። አባቴ በር ላይ የሟቹን ስም ጠየቁና “ወንድሜ ሙሉነህ! ወንድሜን!” እያሉ ገቡ። የእውነት እንባ ነው ያነቡት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ጠጋ ብላ “በምን ታውቁታላችሁ?” አለችኝ።

“አናውቀውም” አልኩ፣ ንዴቴን እንኳ ሳልደብቅ።

አባቴን ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እስካሁን አፍናው እንደኖረች ሁሉ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ንፍሮ ተሰጠን። ቶሎ መነሳት ነውር ስለሆነ ተቀመጥን፤ ቆይተንም ተቀመጥን። አስፋልቱ ዳር ቆመን በመጨረሻ ያገኘነው የጭነት መኪና ጋቢና ነበር። ሾፌሩም ለሁለታችን የአራት ሰው ሒሳብ ጠየቀን።

ማርቆስ፣ ከሰዓት

“አባት፣ ደጋግመን ጠራንዎት እኮ” አለች ነርሷ። ከኋላዋ የሐኪሞቹ ዕቃ መኪና ላይ እየተጫነ ነው።

“መቼ ይመለሳሉ?”

“አልተነገረንም እህቴ።”

ግቢው መሀል ላይ ጮህኩ። “ለማያውቁት ሬሳ ብለው ዓይንዎን አጡ! ደስ አለዎት?” ሰው ዞሮ አየን። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡ፣ ገልጠው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት፤ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ወደ ብርሃኑ ዞር አደረጉት። ከዚያ መልሰው ከተቱት። እርሳቸው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ንዴቴ ግን አልበረደም።

“በይ፣ ነገ ቤቴ መልሽኝ” ብቻ አሉኝ።

መልስ

በማግስቱ አለቃዬ የፈቀደልኝ ግማሽ ቀን ነው፤ አድርሻቸው ወዲያው መመለስ አለብኝ። አምበርን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ከፊት ለፊት፣ በግራ በኩል፣ ሌላ ድንኳን አየሁ። ደጁ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ተቀምጠዋል። አባቴ ቀኝ መስኮታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው ቢያፈጡትም የሚያሳያቸው ነገር የለም።

ተመስገን አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ስልኬን መነካካት ጀመርኩ። ድንኳኑ ተቃረበ፣ በጎናችን አለፈ፣ ወደ ኋላ ቀረ። እርሳቸው አላዩም፤ ማንም አያውቅብንም።

እኔ ግን አይቻለሁ።

“ወራጅ አለ!”

የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፣ በሬ ይወርሳል፤ እኔ የወረስኩት ይኸንን ጣጣ ነው።

አባቴ ደንግጠው ዞሩ። “ምን አለ ልጄ?”

“ድንኳን።”

“የማን ነው?”

“ወርደን እንጠይቃለን!” አልኳቸው እየተነጫነጭኩ፣ እጃቸውን ይዤ እያወረድኩ።

ቁይ ስንደርስ ገበያው ተበትኖ ነበር።