በሰው ስም ያስመዘገብኩት ወንድሜ

ከቡታጅራ የወጣነው ሱብሂ ሳይሰገድ ነው፣ ጎረቤት ሳይነቃ። አባቴ ወንድሜን ከድርን ለአምስት ወር ታስሮ ከከረመበት ምሶሶ ፈታው፤ የእጁን ሰንሰለት ግን አላወለቀለትም፣ ጋቢ ደረበበት። እናቴ እንዳታለቅስ አስቀድሞ ስላስጠነቀቃት አፏን በሻሿ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። በርበሬ የጫነ መኪና ላይ ስንወጣ አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ሸምሱ፣ የኛን ስም እንዳትጠራ። ረሒማ እስክትዳር ነው። ከዚያ በኋላ ወላሂ እኔው ራሴ መጥቼ አመጣዋለሁ» አለኝ።

እህታችን ረሒማ እንሴኖ ላለ ነጋዴ ልጅ ታጭታ ነበር። በዘራቸው እብደት አለ ከተባለ ነገሩ አበቃ። ይህን የአገሬ ሰው ያውቀዋል፣ ላብራራላችሁ አልሞክርም። ከድር ገበያው መሃል የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር። ጫት ሲያበዛ፣ ከዚያ እንቅልፍ ሲያጣ፣ ከዚያ ብቻውን ሲያወራ፣ ሁላችንም ጂን ነው አልን። ሼኩም ቁርአን ቀራለት፣ ወደ ጸበል ውሰዱት ያለም የክርስቲያን ጎረቤት ነበር፤ በመጨረሻ የቀረን ሰንሰለቱ ነው።

አዲስ አበባ የአእምሮ ሆስፒታሉ በር ላይ መዝጋቢው ቀና ብሎም አላየን።

«ስሙ?»

የመጣልኝ የሹፌራችን ስም ነው። «በቀለ» አልኩ። «በቀለ ወልዴ።»

«አገሩ?»

«አላውቅም ጌታዬ። መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት።»

«መንገድ ላይ ያገኘኸውን ሰው የአባቱን ስም ከየት አመጣኸው?»

«እሱ ነው የነገረኝ።»

«እብድ የነገረህን ታምናለህ?»

«ታዲያ ሌላ ማን ይንገረኝ?»

ሳቀና ጻፈ። በጃንሆይ ጊዜ ስም መቀየር ብርቅ አልነበረም፤ ስንቱ የኛ ልጅ መርካቶ ገብቶ ሥራ ለማግኘት ሲል ከማል ሆኖ አድሮ ከበደ ሆኖ ነቅቷል። እኔም ያንን ያህል አቅልዬ አየሁት።

ጥዬው መመለስ ግን አልቻልኩም። በየቀኑ በሩ ላይ ስቆም ያዩኝ አቶ መኮንን የሚባሉ ዋና ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት፣ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍል መጨረሴን ሲሰሙ፣ «ለማያውቀው ሰው እንዲህ የሚራራ ልጅ አጥቼ ነው የከረምኩት» ብለው አስታማሚ ለሚሆኑት በሚሰጠው ትምህርት አስገቡኝ። ሲያመሰግኑኝ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት የተከራየሁባቸው ሴትዮ ወይዘሮ በለጥሻቸው ሥራዬን ስነግራቸው፣ «ይጋባል?» አሉኝ።

«አይጋባም እትዬ።»

«አንተ በምን ታውቃለህ? የተጋባበት ሰው መች ያውቀዋል?» አሉና ካፖርቴን ከዚያን ቀን ጀምሮ አጥሩ ላይ እንድሰቅል አደረጉ። የአዲስ አበባ ብርድ እንደ ቡታጅራው ብርድ ፀሐይ ከፍ ሲል አይለቅም፤ ሁልጊዜ እርጥብ ካፖርት ለብሼ ነው ሥራ የምገባው። በመንገድ ስንት ሰው ሳልፍ ሰላም የሚለኝ አልነበረም። እኛ አገር ሰላምታው ከብቱንም ቡቃያውንም ጠይቆ ነው የሚያልቀው። ቆጮ ከመርካቶ ብገዛም ደርቆ ስለሚመጣ የምበላው ናፍቆቱን ብቻ ነበር።

ትምህርቱን ወደድኩት፣ አልዋሽም። የሚቆጣ ሰው ፊት ለፊት እንዳልቆም፣ ጎኑ እንድሆን ተማርኩ። አረቄ አቋርጦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲመጣ ውሃ እየሰጡ፣ ላቡን እየጠረጉ አጠገቡ መቀመጥን፤ ጠጥተሃል ብሎ አለመስደብን። አቶ መኮንን ከሁሉ አጥብቀው ያስተማሩን ግን ይህን ነው፦ «በሽተኛው ያልሆነውን ነኝ ሲልህ አትከራከረው፣ ግን አትስማማለት። ሰምቼሃለሁ በለውና ወሬውን ወደ ምሳ አዙረው።»

ከድር መድኃኒቱ ሲይዘው፣ ጫቱም ሲርቀው፣ በአራተኛው ወር መተኛት ጀመረ። የበሽተኞቹን ልብስ ይጠግን ጀመር። አእምሮው ሲመለስ ግን መጀመሪያ የጠየቀው በስሙ እንዲጠሩት ነው። የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ብሎ ሳህኑን ሲመልስ ካርዱ ላይ «ምግቡ የተመረዘ ይመስለዋል» ተጻፈ። ሲሰግድ ያዩት ቀን ደግሞ «ስሙ ከድር እንደሆነና እስላም እንደሆነ ያምናል» ተባለ።

አንድ ቀን ግቢው ውስጥ፣ አቶ መኮንን አጠገቤ ቆመው፣ እጄን ያዘኝ። «ሸምሱ፣ ወንድምህ ከድር ነኝ። በአላህ ንገራቸው።»

«ሰምቼሃለሁ በቀለ» አልኩት። «ምሳ በላህ?»

አቶ መኮንን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ጎበዝ፣ ገብቶሃል» አሉኝ። ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ሄጄ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጥቤም ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ፈረንጅ ሐኪም በየሁለት ወሩ በሽተኞቹን እያየ የዳነውን ያሰናብታል። ሁለት ጊዜ ከድርን ስሙን ጠየቀው፣ ሁለት ጊዜ «ከድር» አለ፣ ሁለት ጊዜ «ገና ነው» ተባለ። በሁለቱ መካከል ረሒማ ተዳረች። አባቴ አልመጣም። እኔም አልተናገርኩም። አሁን ምክንያቴ ረሒማ አልነበረችም፤ የምስክር ወረቀቴን ለመቀበል ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር፣ ዋሽቼ እንደገባሁ ከታወቀ እባረራለሁ ብዬ ነው። ይህን ስጽፈው እጄ ያፍራል።

በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ጠየቀ፣ አቶ መኮንን አስተረጎሙ። ከድር ሐኪሙን አላየም፣ እኔን ነው ያየው።

«በቀለ ወልዴ ነኝ» አለ።

«ሃይማኖትህስ?»

«ክርስቲያን።»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ፈረመ። ያን ቀን ምሳ ላይ ከድር የሥጋ ወጡን፣ ሁሉም እያየው፣ ጨርሶ በላ። እኔ ደግሞ አቶ መኮንን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።  «ወረቀትህን አልከለክልህም» አሉ፣ «እኔን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ አትበለኝ።»

በማግስቱ ከድርን ይዤ ቴሌ ሄድኩ። አባቴን ቡታጅራ ስልክ ቤት እንዲጠብቀኝ ሰው ልኬበት ነበር። ከድር የራሱን ልብስ አሳምሮ ጠግኖ ለብሷል፣ ከስልክ ክፍሉ መስታወት ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

«አባ፣ ድኗል። ነገ ይዤው ልምጣ?»

 «የረሒማ አማቾች ታላቅ ወንድሟ የት ሄደ እያሉ አስጨነቁን» አለ። «አዲስ አበባ ታሞ ሞተ አልናቸው። ለቅሶ ተቀመጥን፣ ሰደቃውም ወጣ። ረሒማም ነፍሰ ጡር ናት። አሁን ያለቀስንለትን ሰው በየት በኩል ታስገባዋለህ?»

«እማ ታውቃለች?»

«እሷም የሰማችው እንደ ሰው ሁሉ ነው። እህል መቅመስ የጀመረችው ገና አሁን ነው፣ ተዋት» አለና ዘጋው።

ከድር በሩን ሳልከፍተው ቀረበኝ።

«እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ስለ እኔ ጠየቀች?»

«ጠየቀች» አልኩት።