የጠፋች ግመል አጠያየቅ

ጎረቤቴ በነገሌ ከተማ፣ መናኸሪያው በር ላይ የግመል ወተት የሚሸጡ እናት ናቸው። እሳቸው መስጊድ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ አጥራችን ግን አንድ ነው። አንድ ጠዋት መጥተው፣ ወተት ሻጮቹ ሁሉ ከበሩ ተነሡ መባላቸውን ነገሩኝ። አዲሱ ቦታ ጥላ የለውም። በእኛ ፀሐይ ወተት ሜዳ ላይ ውሎ አይተርፍም። የከተማው ቢሮ ቅሬታ የሚቀበለው ደግሞ የዚያን ዕለት እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

«አንቺ ተምረሻል፤ ማመልከቻ ጻፊልን» አሉኝ።

የቢሮ ቋንቋ አልችልም። ልጄ ግን ለበዓል መጥታ ሳለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ስልኬ ላይ ጭናልኝ ነበር። የምንጽፍለት ጥያቄ «ፕሮምፕት» ይባላል ብላኛለች። አጻጻፉን ሳታሳየኝ ሄደች።

በስመ አብ ብዬ ጀመርኩ። እዚህ አገር ሰው ገና ከመድረሱ ጉዳዩን አይዘረግፍም። ለማያውቁት ደግሞ «አንተ» አይባልም። ስለዚህ በአገሬው የኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሬ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ናጋ? እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ከብቶቹስ? ዝናብ ጣለ? ካላስቸገርን፣ የቦታ ማመልከቻ ቢጽፉልን።»

እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጨዋ ነው። ቤተሰብም ከብትም እንደሌለው ነገረኝ። ስለ ዝናብ ሁለት አንቀጽ ጻፈልኝ። ከዚያ ማመልከቻው መጣ፤ ቤት መሥሪያ መሬት ይለምናል! «ለወተት ሻጮች ነው» አልኩት። አሁን ደግሞ መቶ አባላት ያሉት ማኅበር አደረገን። ሴቶቹ ሰባት ናቸው። በሐሰት ወረቀት ላይ እንዴት ይፈርማሉ?

ጎረቤቴ የጻፍኩትን አስነብበውኝ ሳቁ።

«አይ ልጄ! ግመልሽ ብትጠፋ ‹ግመል አይታችኋል?› ብለሽ ነው የምትጠይቂው?»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ግመል እንደሆነ ሞልቷል! ነጭ ናት፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ከትናንት ወዲያ በአሬሮ መንገድ ታይታለች ትያለሽ። የሌላትን ምልክት ከጨመርሽ ግን የሰው ግመል እየነዳሽ ትመጫለሽ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ግመሏን ይንገሩኝ።»

እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ ወተት ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን። የሚፈልጉት ከበሩ ጎን ያለውን የመጋዘን ጥላ መሆኑንም። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አልኩ። መጨረሻ ላይ «ያልነገርኩዎትን አይጨምሩ፤ የጎደለ ካለ ይጠይቁኝ» ብዬ ላክሁ።

ጠየቀኝ። ቦታውን የሚፈልጉት ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው?

«ከንጋት እስከ ቀትር በይው» አሉ ጎረቤቴ። «አሁን ገና ግመል መፈለግ ጀመረ!»

የመጣውን በእጄ ገለበጥኩ። ሰባቱም ፈረሙበት፤ መጻፍ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው። ቢሮው ሳይዘጋ ደረስን። ሹሙ እዚያው ቆሞ አነበበውና «የምትፈልጉት ይኼን ብቻ ነው?» አለ። ጎረቤቴ «ይኼን ብቻ» አሉት።

በሳምንቱ ተፈቀደ። ሄጄ አየኋቸው። ቀትር ሊሆን ነው፣ ሰባቱም ጥላው ሥር ተደርድረዋል፤ ወተቱ እንደ ጠዋቱ ነው። ጎረቤቴ ቅመሺ አላሉኝም፤ የግመል ወተት በሃይማኖቴ እንደማይጠጣ ያውቃሉ። ውኃ ቀዱልኝና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩ።